የፕላስቲክ ሞዴል የሚንቀሳቀስ ክፍል ምን ይቀባ? ዘይትና ግራሶ የመምረጫ መመሪያ

«ጎማው አልዞር አለኝ፣ ምን ዘይት ላድርግበት?» ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይመጣልኛል። አንዳንዴ ጎማው ፕሮፔለር ይሆናል፣ አንዳንዴ የታንክ ራስ፣ አንዳንዴ የሮቦት ክንድ። ጠያቂው ብዙ ጊዜ በእጁ ያለውንም አብሮ ይነግረኛል፦ የስፌት መኪና ዘይት፣ ቫዝሊን፣ ደብልዩ ዲ 40፣ ከጋራዥ የመጣ ግራሶ። ለእያንዳንዱ ለብቻ ከምመልስ አንድ ላይ ጽፌዋለሁ።

ለቸኮለ ሰው አጭሩ መልስ ይህ ነው። ለአብዛኛው ሞዴል ንጹህ የሲሊኮን ዘይት ይበቃል። በዝግታ ለሚዞርና ለሚከብድ ክፍል የሲሊኮን ግራሶ ይሻላል። ፈሳሽ ለማትፈልጉበት ቦታ የእርሳስ ግራፋይት ወይም የፒቲኤፍኢ ዱቄት አለ። ፒቲኤፍኢ ማለት ቴፍሎን በሚለው ስሙ የምናውቀው ነው። ቆይ ግን፣ ጠርሙስ ከመክፈታችሁ በፊት የሚሠራ ሥራ አለ። ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ያለ ምንም ዘይት የሚፈቱ ናቸው።

ፕላስቲኩ ለምን ይሰነጠቃል?

ይህን ከተረዳችሁ ምርጫው ይቀላል። የሚገጣጠም ሞዴል አብዛኛው ክፍሉ ከፖሊስታይሪን ነው የሚሠራው። ፖሊስታይሪን ከነዳጅ ለሚወጡ ፈሳሾች ደካማ ነው። ቤንዚንና ቲነር ወዲያው ያበላሹታል። የማዕድን ዘይት ደግሞ አያሟማውም፣ ቀስ እያለ ይገባበታል እንጂ። ፕላስቲኩ ጫና ከሌለበት ለወራት ምንም ላይታይ ይችላል። ዘንጉ ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ በግድ ከገባ ግን ዘይቱ በተወጠረው ቦታ ሰርጎ ይገባል፣ የፕላስቲኩን ሞለኪውሎች ያላላል፣ ፀጉር የሚያክል ስንጥቅ ያስጀምራል። አንድ ቀን ስትነኩት ቀጭ ይላል።

ጉዳቱ የሚመጣው ሁለቱ ሲገናኙ ነው፦ ውጥረት እና የማይስማማ ፈሳሽ። የሮቦት ሞዴል የሚሠሩ ሰዎች ነገሩን ያውቁታል። በኢናሜል ቲነር የቀጠነ ቀለም በተገጣጠመ መገጣጠሚያ ውስጥ ሲፈስ ክፍሉ የሚሰበረው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ሥራችን ሁለት ነው፤ ውጥረቱን መቀነስና የሚስማማውን ፈሳሽ መምረጥ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ንጹህ የሲሊኮን ዘይት። በስፖርት ዕቃ ሱቅ የሚሸጠው የትሬድሚል ዘይት ብዙ ጊዜ ይሄው ነው፤ «100% ሲሊኮን» መባሉን ጠርሙሱ ላይ አረጋግጡ። የሪሞት መኪና ዳምፐር (ሾክ አብዞርበር) ዘይትም ሲሊኮን ነው።
- የሲሊኮን ግራሶ፣ ትንሽ ቱቦ
- ለስላሳ እርሳስ፣ ከ2ቢ እስከ 6ቢ
- ካገኛችሁ የፒቲኤፍኢ ዱቄት
- ስቴኪኒ፣ ቀጭን መርፌ፣ የጆሮ ማጽጃ ጥጥ፣ ሶፍት
- የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙናና ለብ ያለ ውሃ
- ምላጭ፣ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት፣ በእጅ የሚዞር ትንሽ ፑንታ
- ለሙከራ፦ ክፍሎቹ ተያይዘው የሚመጡበት የፕላስቲክ ፍሬም። አትጣሉት። ከዚህ ሁሉ ዝርዝር ውስጥ ዋናው ዕቃ እሱ ነው።

1. መጀመሪያ ያለ ዘይት አንቀሳቅሱት

ክፍሎቹን ሳታጣብቁ ገጣጥሙና አዙሩ። የት ላይ እንደሚይዝ ፈልጉ። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ከእነዚህ አንዱ ነው፦ በዘንጉ ርዝመት የሚሄድ የቅርጽ ማውጫ መስመር፣ ክፍሉ ከፍሬሙ ሲቆረጥ የቀረ ጉብታ፣ ቀዳዳው ውስጥ የገባ ቀለም፣ ወይም ሾልኮ የደረቀ ማጣበቂያ።

መስመሩንና ጉብታውን በምላጭ ፋቁና በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ። ቀዳዳው ከጠበበ ፑንታውን በእጃችሁ እያዞራችሁ ጥቂት ብቻ አስፉት። የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ አትጠቀሙ። ፖሊስታይሪን 100 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ ይለሰልሳል፣ በፍጥነት የሚዞር ፑንታ ደግሞ እዚያ ለመድረስ ጊዜ አይፈጅበትም። ቀዳዳው ይቀልጥና ቅርጹን ያጣል።

ለምን ይህ ቀደመ? ዘይት ጠባብ ቀዳዳን አያሰፋም። በግድ የገባ ዘንግ ደግሞ ከላይ ያልነው ውጥረት ራሱ ነው። በትክክል የተገጠመ ጎማ በፍጹም ዘይት ላያስፈልገው ይችላል። ለዕይታ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ሞዴል ከሆነና እዚህ ደረጃ ላይ በነፃነት ከዞረላችሁ እዚሁ አቁሙ። ዘይት አቧራ ይሰበስባል፤ በበጋ መስኮት ከፍቶ የሚሠራ ሰው ይህን አያጣውም።

2. ፕላስቲኩን ለዩ

አንድ ሞዴል ውስጥ ሦስትና አራት ዓይነት ፕላስቲክ ሊኖር ይችላል። ፍሬሙን ገልብጣችሁ እዩ፤ ብዙ አምራቾች የፕላስቲኩን ምህጻረ ቃል በላቲን ፊደል ያትሙበታል። ፒኤስ ፖሊስታይሪን ነው። ኤቢኤስ በስሙ ይጻፋል፤ የሮቦት መገጣጠሚያዎች ላይ ይበዛል። ፒኢ ፖሊኢትሊን ነው፤ ጎማና መድፍ የሚሰካባቸው ለስላሳ ቀለበቶች፣ ማለትም ፖሊ ካፕ የሚባሉት፣ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይሠራሉ። ፒኦኤም ጠንካራና በራሱ የሚያዳልጥ ነው፤ ማርሾች ላይ ታገኙታላችሁ። የመልሶ ጥቅም ሦስት ማዕዘን ካለ 6 ቁጥር ፖሊስታይሪን ነው።

ምንም ካልተጻፈበት በውሃ ሞክሩ። ከፍሬሙ ቁራጭ ቆርጣችሁ አንድ ጠብታ ሳሙና ያለበት ንጹህ ውሃ ውስጥ ክተቱት። ሳሙናው የሚያስፈልገው ትንሽ ቁራጭ በውሃው ገጽ ላይ ተጣብቆ እንዳያታልላችሁ ነው። ከተንሳፈፈ ፖሊኢትሊን ወይም ፖሊፕሮፒሊን ነው። ከሰጠመ ወደ ሁለተኛ ብርጭቆ ውሰዱት። እዚያ ውስጥ ጨው ጨምራችሁ ጨምራችሁ መሟሟት እስኪያቆም ድረስ አማስሉ። በጨው ውሃው ላይ ከተንሳፈፈ ፖሊስታይሪን ወይም ኤቢኤስ ነው፤ ናይለንም እዚህ ሊገባ ይችላል። እዚህም ከሰጠመ ፒኦኤም ወይም ፒቪሲ ሊሆን ይችላል።

ይህ ሁሉ ለምን? ፖሊስታይሪን፣ ኤቢኤስና ፖሊካርቦኔት በቀላሉ የሚሰነጠቁት ወገኖች ናቸው። ፖሊኢትሊን፣ ፒኦኤምና ናይለን ዘይትን በደንብ ይቋቋማሉ። እርግጠኛ ካልሆናችሁ ፖሊስታይሪን እንደሆነ ቁጠሩት፤ ለእሱ የሚስማማ ማለለሻ (ዘይት፣ ግራሶ ወይም ዱቄት) ሌሎቹን አይጎዳም። ብርሃን የሚያሳልፉ ክፍሎች ላይ፣ ለምሳሌ የአውሮፕላን ካኖፒ (የአብራሪው ክፍል መስታወት)፣ ተጨማሪ ጥንቃቄ አድርጉ። በባለቀለሙ ፖሊስታይሪን ውስጥ የሚቀላቀለው ላስቲክ በግልጹ ውስጥ የለም፤ ስለዚህ ይበልጥ ተሰባሪ ነው።

3. እንደ ቦታው ምረጡ

*ነፃ የሚዞር ጎማና ፕሮፔለር፣ ፕላስቲክ በፕላስቲክ።* ቀጭን የሲሊኮን ዘይት፣ ከ50 እስከ 100 ሲኤስቲ። ሲኤስቲ የፈሳሽ ውፍረት መለኪያ ነው፤ ውሃ 1 ገደማ ነው። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ዘይቱ ይወፍራል፣ ዙሩም ይዘገያል። በትንፋሽ እንዲዞር የምትፈልጉት የዲሲ 3 አውሮፕላን ፕሮፔለር ላይ 1000 ሲኤስቲ ካደረጋችሁበት አይንቀሳቀስላችሁም።

*የታንክ ራስና መድፍ።* 1/35 መጠን ያለው ታንክ ላይ ራሱ፣ ማለትም ቱሬቱ፣ በሰፊ ቀለበት ላይ ይቀመጣል። እዚህ የምንፈልገው ሲለቁት በነበረበት የሚቆም፣ ሲያዞሩት ግን የማይንቋቋ እንቅስቃሴ ነው። በጣም ስስ የሆነ የሲሊኮን ግራሶ ያድርጉበት። መድፉ በፖሊ ካፕ የተያዘ ከሆነ ምንም አትቀቡት፤ ቁሱ ራሱ ያዳልጣል። ከቀባችሁት መድፉ በክብደቱ አፍንጫውን ይደፋል።

*የሮቦት ክንድና እግር።* እነዚህ የሚቆሙት በሰበቃ ነው። ዘይት ሰበቃን ያጠፋል፣ ሮቦቱም ይንበረከካል። የሚንቋቋ ከሆነ በመገናኛው ፊት ላይ የእርሳስ ግራፋይት ወይም የፒቲኤፍኢ ዱቄት በትንሹ ማሸት ይበቃል። በጣም የጠበቀ ከሆነ ወደ ደረጃ 1 ተመለሱ።

*የመኪና በር፣ ኮፈን፣ የአውሮፕላን ጎማ መሸፈኛ በር።* ደረቅ ማለለሻ። ቀለም ከተቀባ ገጽ አጠገብ ስለሆኑ ፈሳሽ ዘይት ይሰራጭና ቀለሙን ያበለዛል። ግራፋይት ጥቁር ስለሆነ ነጭ ወይም ቢጫ ሞዴል ላይ ፒቲኤፍኢው ይሻላል።

*የፕላስቲክ ማርሽ፣ በሞተር የሚዞር።* እዚህ ለፕላስቲክ ማርሽ ተብሎ የተሠራ ግራሶ ግዙ። ታሚያ ለሞተር ኪቶቹ የሚሸጠው የሴራሚክ ግራሶ አለ። የሞዴል ባቡር የሚሠሩ አሜሪካ ያሉ ሰዎች ደግሞ ላቤል የሚባለውን ያውቁታል፤ 106 ቁጥሩ ፒቲኤፍኢ ያለበት ግራሶ፣ 107 እና 108 ቁጥሮቹ ለፕላስቲክ የተዘጋጁ ዘይቶች ናቸው። ጥርሶቹ ላይ ስስ ሽፋን ብቻ። የማርሹን ሳጥን ግራሶ መሙላት ሞተሩን ያደክማል እንጂ ሌላ ጥቅም የለውም።

*ብረት በብረት፣ ለምሳሌ የብረት ዘንግ በኩሽኔታ ውስጥ።* ሲሊኮን እዚህ ደካማ ነው። ብረት ከብረት በጫና ሲፋተግ ሽፋኑ አይቆይም። ለፕላስቲክ የተዘጋጀ ቀጭን ሲንቴቲክ ዘይት ውሰዱ፤ አንድ ጠብታ በመርፌ ጫፍ። ብረቱ ላይ ብታደርጉትም ወደ ፕላስቲኩ መፍሰሱ ስለማይቀር ነው ለፕላስቲክ የሚስማማ መሆን ያለበት።

*ጎማው ከተፈጥሮ ላስቲክ፣ ከሲሊኮን ወይም ከፒቪሲ የተሠራ ከሆነ።* ላስቲክን የማዕድን ዘይትና ቫዝሊን ያሳብጡታል። ለሲሊኮን ጎማ ደግሞ የሲሊኮን ዘይት አይሆንም፤ አንድ ወገን ስለሆኑ ዘይቱን ይመጠዋል። ለስላሳ ፒቪሲ የታንክ ሰንሰለትና ጎማ ሌላ ችግር አላቸው፦ ፕላስቲኩን ለማለስለስ የተጨመረው ፈሳሽ በዓመታት ውስጥ ይወጣና የነካውን ፖሊስታይሪን ያቀልጠዋል። ይህን በዘይት አታስቆሙትም። ጎማው የሚያርፍበትን ቦታ በደንብ በቀለም መሸፈን ይረዳል።

4. የጠርሙሱን ጀርባ አንብቡ

ይህ ደረጃ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። ግራሶ ማለት ዘይት ሲደመር ማወፈሪያ ሲደመር ተጨማሪ ነገር ነው። የፊቱ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ የሚነግራችሁ ዘይቱን አይደለም። «ነጭ ሊቲየም ግራሶ» ሲል ሊቲየም ማወፈሪያው ነው፤ ውስጡ ያለው ዘይት አብዛኛውን ጊዜ የማዕድን ዘይት ነው። «በፒቲኤፍኢ የበለጸገ» ሲል ዱቄቱ ተጨምሮበታል ማለት ነው፤ ዱቄቱ ምንም አይጎዳም፣ የሚጎዳው ዱቄቱን የተሸከመው ፈሳሽ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ የሚያታልለው የሲሊኮን ስፕሬይ ነው። ሲሊኮኑ ደህና ነው። ነገር ግን በጣሳው ውስጥ ሲሊኮኑን የሚያቀጥኑ እንደ ሄክሴን፣ ሄፕቴንና ፔትሮሊየም ዲስቲሌት ያሉ ፈሳሾች ይኖራሉ። እነዚህ ናቸው ፖሊስታይሪንን የሚጎዱት። ስለዚህ በጠርሙስ የሚንጠባጠበውን ግዙ።

ጀርባው ላይ፣ ወይም አምራቹ በሚያወጣው የደኅንነት መረጃ ሰነድ 3ኛ ክፍል ላይ፣ ይዘቱን ፈልጉ። ፖሊዳይሜቲልሲሎክሴን የሚል ወይም 63148-62-9 የሚል መለያ ቁጥር ብቻውን ካገኛችሁ ንጹህ የሲሊኮን ዘይት ነው። ፔትሮሊየም፣ ናፍታ፣ ቶሉን፣ ዛይሊን ወይም አሴቶን ካያችሁ መልሱት። «ለፕላስቲክ ይስማማል» የሚለው ጽሑፍም ብቻውን አይበቃም። የመኪና ዳሽቦርድም ባልዲም ፕላስቲክ ናቸው፤ ከምን እንደተሠሩ ግን ይለያያል።

5. በፍሬሙ ላይ ፈትኑት

ለሙከራው ከአንድ ሳምንት ትዕግሥት ሌላ ብዙም አያስፈልግም። ፋብሪካዎችም የፕላስቲክን ጽናት በተጠማዘዘ ቁራጭ ይፈትሻሉ፤ የእኛ የዚያ የቤት ዓይነቱ ነው።

ሀ. ከዚያው ሞዴል ፍሬም 10 ሳንቲሜትር ያህል የሚሆኑ ሁለት ቀጥ ያሉ ቁራጮች ቁረጡ።

ለ. ሁለቱንም ክብ ጠርሙስ ላይ እኩል አጠማዝዛችሁ ጫፎቻቸውን በፕላስተር እሰሩ። ሳይነጣ ብቻ ነው የሚጠማዘዘው፤ ነጭ መስመር ካወጣ በዝቷል፣ ወፈር ያለ ጠርሙስ ፈልጉ።

ሐ. አንዱን በውጭ በኩል፣ በተወጠረው ገጽ ላይ፣ ማለለሻውን ቀቡት። ሌላው ደረቅ ይሁን።

መ. ከ1 ሰዓት፣ ከ24 ሰዓትና ከ7 ቀን በኋላ የስልካችሁን መብራት በጎን አብርታችሁ እዩ። በአግድም የሚሄዱ ጥቃቅን መስመሮችን ፈልጉ።

ሠ. በመጨረሻ ሁለቱንም ፈትታችሁ በእጅ አጥፏቸው።

የተቀባው ብቻ ከተሰነጠቀ ወይም ከደረቁ ቀድሞ ቀጭ ካለ ያ ማለለሻ ለዚህ ሞዴል አይሆንም። ሁለቱም ከተሰነጠቁ ብዙ አጠማዝዛችኋል፤ ድገሙት። ደረቁ ለምን አስፈለገ? ያለ እሱ ጥፋቱ የዘይቱ ይሁን የማጠማዘዙ መለየት አይቻልም።

በተመሳሳይ ጊዜ ሞዴሉን የምትቀቡበትን ቀለም ቁራጭ ላይ ቀብታችሁ ካደረቃችሁ በኋላ አንድ ጠብታ ጣሉበት። ቀለሙ ከለሰለሰ ወይም ከተነሳ ያ ማለለሻ ፈተናውን አላለፈም ማለት ነው።

6. ቀለምና ማጣበቂያ ይቅደሙ

ማለለሻ የመጨረሻው ሥራ ነው። ሲሊኮን በገጽ ላይ በጣም ይሰራጫል። የነካው ቦታ ላይ ቀለም አይይዝም፣ እየሸሸ ክብ ክብ ቀዳዳ ይሠራል። ማጣበቂያም፣ ዲካልም (ሞዴሉ ላይ የሚለጠፈው ስስ ምልክት) እንደዚያው። ስለዚህ ቀለሙ፣ ዲካሉና የመጨረሻው ቫርኒሽ ይጠናቀቁ፤ ከዚያ ዘይት።

የሞዴል ማጣበቂያ የተጠቀማችሁበት ዘንግ ካለ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ይቆይ። በተዘጋ ቦታ የቀረ የማጣበቂያ ሟሚ ራሱ ፕላስቲኩን ያለሰልሳል። የኢናሜል ቀለም ላይ ከዚያም በላይ ታገሡ፤ ሲነካ የደረቀ የሚመስለው ውስጡ ገና ሊሆን ይችላል። የሚገናኙትን ሁለት ገጾች ግን በፍጹም ቀለም አትቀቡ። ዘንጉንና ቀዳዳውን በፕላስተር ሸፍኑ።

7. ቀቡት

አንድ ጠብታ ዘይት ጠርሙስ ክዳን ላይ አድርጉ። የመርፌውን ወይም የስቴኪኒውን ጫፍ ንከሩ። ጫፉ ላይ የቀረው ነው የምትፈልጉት መጠን። ዘንጉና ቀዳዳው የሚገናኙበትን ጥግ ንኩት፤ ዘይቱ ራሱ ተስቦ ይገባል። ከጠርሙሱ በቀጥታ አታንጠባጥቡ።

ግራሶ ከሆነ በስቴኪኒ ወስዳችሁ በጣታችሁ ስትነኩት ብቻ የሚታወቅ ያህል ስስ አድርጋችሁ አዳርሱ። ዓይን የሚያየው ክምር ካለ በዝቷል።

እርሳስ ከሆነ ጫፉን በሁለቱም ገጾች ላይ እስኪያብረቀርቅ እሹት፤ ትርፉን በደረቅ ብሩሽ ጥረጉ። የፒቲኤፍኢ ዱቄትን በለስላሳ ብሩሽ አሹ፣ ተጠንቀቁ፣ አትንፉበት።

8. አለማምዱትና ጥረጉ

ክፍሉን በሁለቱም አቅጣጫ ብዙ ጊዜ አዙሩ። የወጣውን ትርፍ በጆሮ ጥጥ ጥረጉ። አንድ ቀን ቆይታችሁ እንደገና ጥረጉ፤ ሲሊኮን በአንድ ጊዜ ወጥቶ አያልቅም። ከአንድ ሳምንት በኋላ ዘንጉ የገባበትን ቦታ ዙሪያ በመብራት ፈትሹ። አዲስ መስመር ካያችሁ አቁማችሁ ወደ ማጽዳቱ እለፉ፤ ከታች ጽፌዋለሁ።

ማስጠንቀቂያ

- የሚቀጣጠል ስፕሬይና ቲነር ከእሳት ይራቁ። ከሰል በተያያዘበትና ቡና በሚፈላበት ክፍል ውስጥ አይደረግም።
- የፒቲኤፍኢ ዱቄት በነካ እጅ ሲጋራ አይያዝ። ፒቲኤፍኢ በከፍተኛ ሙቀት ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ ያሳምማል። እጃችሁን ታጠቡ።
- ሲሊኮን ሴራሚክ ወለል ላይ ከፈሰሰ ሰው ይጥላል። ወዲያው በሳሙና እጠቡት።
- ሲሊኮንም ግራፋይትም ከሞተር ውስጠኛ ክፍል ይራቁ። ግራፋይት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ሲሊኮን ደግሞ ብልጭታ ባለበት መገናኛ ላይ ሲደርስ የማያስተላልፍ ሽፋን ይሠራል።

ብዙ የማያቸው ስህተቶች

*የስፌት መኪና ዘይት።* ንጹህና ቀጭን ስለሆነ ሰው ያምነዋል። ለስፌት መኪና ድንቅ ነው፤ ያ ብረት ነው። ዘይቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የማዕድን ዘይት ነው፣ በጠበቀ የፖሊስታይሪን ዘንግ ላይ አላደርገውም።

*ደብልዩ ዲ 40።* የተለመደው ዓይነት በነዳጅ ውጤት ላይ የተመሠረተ ነው። አምራቹ ራሱ ፖሊካርቦኔትና ግልጽ ፖሊስታይሪን ላይ አትጠቀሙ ይላል። ከዚያ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

*የምግብ ዘይትና ቅቤ።* «የተፈጥሮ ነው፣ ምን ይጎዳል» ይባላል። ይጎዳል። የምግብ ስብ ፖሊስታይሪንና ኤቢኤስን እንደሚሰነጥቅ የማቀዝቀዣ ሠሪዎች በውስጠኛው ግድግዳ ላይ የሚታገሉት ነገር ነው። በዚያ ላይ እንደ ኑግ ያለ ዘይት ከአየር ጋር ሲቆይ ይሞላገጋል፣ ከዚያም ማስቲሽ ሆኖ ያርፋል። ጎማው ከበፊቱ ይብሳል።

*ቫዝሊን።* ከሌሎቹ ይሻላል፣ ግን ከነዳጅ ነው የሚወጣው። አቧራ ይይዛል፣ በሙቀት ይፈሳል፣ ላስቲክ ያሳብጣል። ሲሊኮን ግራሶ በትንሽ ዋጋ ልዩነት እያለ ለምን?

*የፍሬን ዘይት።* ይህን ሰዎች ከሞዴል ላይ ቀለም ለማስለቀቅ ነው የሚጠቀሙበት። ሌላ ማለት አያስፈልገኝም።

*አብዝቶ መቀባት።* ትንሽ ከረዳ ብዙ ይረዳል የሚል ሐሳብ ነው። ትርፉ ወደ ቀለሙ ይሄዳል፣ አቧራ ይሰበስባል፣ አቧራውና ዘይቱ ተደባልቀው ብርጭቆ ወረቀት ይሆኑባችኋል።

*ሁለት ማለለሻ መደራረብ።* አሮጌውን ሳታጸዱ አዲስ አታድርጉ። የተለያዩ ግራሶዎች ሲቀላቀሉ አንዱ ሌላውን ሊያቀጥነውና ሊያፈሰው ይችላል።

የማይሆነውን ከቀባችሁ

አትደንግጡ፣ ግን ለነገ አትተዉት። መጀመሪያ ውጥረቱን አስወግዱ፦ የሚነቀል ከሆነ ዘንጉን ቀስ ብላችሁ አውጡ፤ ፈሳሹ የሚጎዳው የተወጠረውን ነው። በሶፍት ምጠጡት። ከዚያ ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በለስላሳ ብሩሽ እጠቡ፣ አለቅልቁ፣ ድገሙት። የሞቀ ውሃ አያስፈልግም፤ ቀጫጭን ክፍል ያጣምማል።

ዘይቱን በቤንዚን፣ በነጭ ጋዝ ወይም በቲነር ለማስለቀቅ አትሞክሩ። ከመጀመሪያው የባሰ ነው። አልኮልም ቢሆን በጥንቃቄ፤ ባዶ ፖሊስታይሪንን ለአጭር ጊዜ ቢነካው ችግር የለም፣ እንደ ታሚያ ያለውን አክሪሊክ ቀለም ግን ያነሳዋል። ሲሊኮንን ደግሞ ብዙም አያሟማውም፤ ለእሱ ሳሙናው ይሻላል።

ስንጥቅ ከጀመረ ክፍሉን አድርቁና ከውስጥ በኩል፣ በማይታይበት ገጽ፣ ቀጭን የፕላስቲክ ቁራጭ ለጥፉበት። የሚለጠፍበት ቦታ ላይ ዘይት እንዳይቀር መጀመሪያ በብርጭቆ ወረቀት ፋቁት፤ ካልሆነ ሱፐር ግሉም ቢሆን አይዝም። ቀዳዳው ዙሪያ የተሰነጠቀ ከሆነ ቀዳዳውን አስፍታችሁ ከናስ ወይም ከሌላ ፕላስቲክ የተቆረጠ ቀጭን ቱቦ አስገቡና ዘንጉ በዚያ ውስጥ ይዙር። ቱቦው እንዳይገፋ ልቅ ብሎ ይግባ፣ በማጣበቂያ ይያዝ።